አባይ ግንድ ይዞ መዞር የጀመረው መቼ ነው?

ጎርፍ ሰው በወሰደ ቁጥር ሁለት ዓይነት ወሬ ይከተላል። አንዱ «እንዲህ ያለ ጎርፍ አይተንም ሰምተንም አናውቅም፣ የአየር ንብረቱ ተለውጧል» ይላል። ሌላው «ደኑን ጨፍጭፈን ጨርሰን ምን እንጠብቅ ነበር?» ይላል። ሁለቱም ጋ እውነት አለ። ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ያልፋሉ፦ ወንዙ ከዚህ በፊት ምን ሲያደርግ ኖሯል? የሰው ዕድሜ ቢረዝም 80 ወይም 90 ዓመት ነው። ወንዙ ግን እዚያው ሸለቆ ውስጥ በብዙ ሺህ ዓመታት ሲወርድ ኖሯል፤ እኛ «አይተን አናውቅም» የምንለውን እሱ ደጋግሞ አድርጎት ይሆናል፣ ያየው ሰው ሞቶ ወሬውም አብሮት ተቀብሮ።

ስለዚህ ዛሬ ረጅሙን ታሪክ ላውራችሁ። እ.ኤ.አ. ያላልኩበት ዓመት የኛው አቆጣጠር ነው።

ከካይሮ እንጀምር። ከተማዋ መሃል ናይል ላይ ሮዳ የምትባል ደሴት አለች። እዚያ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ የውሃ መለኪያ ጉድጓድ እስከ ዛሬ አለ። ጉድጓዱ መሃል የእብነ በረድ ምሰሶ ቆሟል፣ ምሰሶው ላይ ክንድ በክንድ ምልክት ተቀርጾበታል። ግብጾች «መቅያስ» ይሉታል፣ መለኪያ ማለት ነው። የወንዙ ውሃ በቦይ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፣ ጠባቂው ስንት ክንድ እንደደረሰ ያነባል። 16 ክንድ ከደረሰ ጥጋብ ነው፣ ግብር ይሰበሰባል። ከዚያ ብዙ ከጎደለ ረሃብ ይመጣል። በጣም ካለፈ ደግሞ መንደሩ በውሃ ይዋጣል። ይህ ጉድጓድ ከመሠራቱ በፊትም ይለካ ስለነበር መዝገቡ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከ622 ነው። በመሃል ክፍተት ቢኖረውም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይደርሳል፤ ይህን ያህል ረጅም የወንዝ መዝገብ በዓለም ላይ ብርቅ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ያ ምሰሶ የሚለካው የማንን ዝናብ ነው? ካይሮ ላይ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። አስዋን ከሚደርሰው የናይል ውሃ 85 በመቶ ገደማው ከኢትዮጵያ የሚሄድ ነው፤ ከአባይ፣ ከተከዜና ከባሮ። በሙላቱ ወራት ድርሻው ከዚህም ይበልጣል። መዝገቡ በየዓመቱ ሁለት ቁጥር ይይዛል፤ በበጋ ውሃው በጣም የወረደበትንና በክረምት ማብቂያ በጣም የወጣበትን። ዝቅተኛው በአብዛኛው ከቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ የሚመጣውን የነጭ ናይል ውሃ ያሳያል። ከፍተኛው ግን የኛ ክረምት ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ሮዳ ደሴት የተነበበው ቁጥር ጎጃም፣ ወለጋ፣ ጎንደር፣ ወሎና ትግራይ ላይ የጣለው ዝናብ ነው። የኛ አያቶች በየክረምቱ ምን ያህል እንደዘነበ በቁጥር አልመዘገቡልንም፤ የካይሮው ግብር ሰብሳቢ ግን ለራሱ ጉዳይ ብሎ መዝግቦልናል።

ያ መዝገብ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ967 ሙላቱ ቀረ፣ ግብጽ ተራበች። እ.ኤ.አ. ከ1065 ጀምሮ ለ7 ዓመት ገደማ ውሃውም እየቀረ አገሩም እየታመሰ ሌላ አስከፊ ረሃብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1200 ደግሞ ውሃው እንደገና ቀረና በተከታታይ ሁለት ዓመት ሕዝብ አለቀ። እነዚህ ዓመታት ላይ ደጋው ላይም ክረምቱ አልሰመረም ማለት ነው፤ ጎጃም ያለ ገበሬና ናይል ባሕር የሚገባበት ደልታ ላይ ያለ ገበሬ በአንድ ሰማይ ምክንያት አብረው ተርበዋል። የመካከለኛው ዘመን ግብጾች ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ነበር የተረዱት። ውሃው ሲቀር የኢትዮጵያ ንጉሥ ገድቦት ነው ብለው ያምኑ ነበር። በኸሊፋ ሙስተንሲር ዘመን የእስክንድርያው ፓትርያርክ ራሱ ስጦታ ይዞ ንጉሡን ሊለምን እንደተላከ የሚናገር ታሪክ ከዚያ ዘመን በኋላ የኖሩ ጸሐፍት ትተዋል።

እውነተኛው ገዳቢ የነበረው ሰማይ ነው። ዛሬ እንደምናውቀው ከደቡብ አሜሪካ ምዕራብ ያለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኖ ሲመጣ፣ የኛ ክረምት ብዙውን ጊዜ ይደክማል። በክፉ ቀን ጊዜ ከብቱን ደስታ የሚባለው በሽታ ሲጨርሰው፣ ከላይ ደግሞ ዝናቡ ቀርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ1888 የናይል ሙላትም ዝቅተኛ ነበር። እሳተ ገሞራም እንዲሁ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1783 አይስላንድ ውስጥ ላኪ የሚባል እሳተ ገሞራ ለወራት ሲፈነዳ ከረመ። የወጣው ጭስ የሰሜኑን የዓለም ክፍል አቀዘቀዘው፣ ዝናብ ይዞ ወደ እኛ የሚመጣው ነፋስም ደከመ። ያን ጊዜ ግብጽ የነበረው ፈረንሳዊው ቮልኔ እንደጻፈው፣ ከአገሩ ሰው 6ኛው እጅ ወይ ሞተ ወይ ተሰደደ። አይስላንድ ላይ መሬት ተሰንጥቃ ካይሮ ላይ ሰው ይራባል፣ በመሃል ያለው የጎጃም ደመና ነው። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ለረጅም ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከዚህ መዝገብ የወጣ ሌላ ትልቅ ትምህርት አለ። ሃሮልድ ኸርስት የሚባል እንግሊዛዊ ዕድሜውን ግብጽ ውስጥ ናይልን ሲያጠና ኖረ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ክፉውን ዓመት ከደጉ ለማካካስ ስንት ውሃ ማጠራቀም አለብን? ዓመታቱ ዕጣ እንደ መጣል የዘፈቀደ ቢሆኑ ኖሮ ሒሳቡ ቀላል ነበር። እሱ ግን ያገኘው ሌላ ነው። ውሃ የሞላበት ዓመት የሚከተለው ብዙ ጊዜ ሌላ የሞላ ዓመት ነው፣ የጎደለውም ጎደሎን ይጠራል። ዓመታቱ ተሰብስበው ነው የሚመጡት። እ.ኤ.አ. በ1951 ይህን አሳተመ፣ በኋላ የመጡ የሒሳብ ሊቃውንትም በኦሪት ዘፍጥረት በምናውቀው በዮሴፍ ስም ጠሩት። ሰባት የጥጋብ፣ ሰባት የረሃብ።

ይህ ለኛ ምን ያደርግልናል? ብዙ ነገር። አንድ መሐንዲስ ድልድይ ሊሠራ ሲመጣ እጁ ላይ ያለው የ30 ዓመት የወንዝ ልኬት ነው እንበል። ያ 30 ዓመት በሙሉ ደረቁ ምዕራፍ ላይ ያረፈ ሊሆን ይችላል። ያኔ ድልድዩ ላለፈው እንጂ ለሚመጣው ወንዝ አይበቃም። «በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ» የሚባለውንም ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ይረዳዋል። አምና መጥቶ ከሆነ 99 ዓመት አረፍን ማለት አይደለም። በየዓመቱ ከ100 አንድ ዕድል አለው ማለት ነው፣ ዘንድሮም፣ ከርሞም። ወንዝ ዳር ቤት ሠርቶ 30 ዓመት የሚኖር ሰው ያንን ጎርፍ የማየት ዕድሉ 26 በመቶ ነው፤ ከአራት አንድ በላይ። ለዚያውም ዓመታቱ እርስ በርስ አይያያዙም ብለን ስናሰላ ነው።

እስካሁን ያወራነው ሰው የጻፈውን ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ደግሞ ጭቃ ጽፎታል። ደለል ሐይቅ ሥር በየዓመቱ በስሱ ይነጠፋል። ሳይንቲስቶች ረጅም ቱቦ ሐይቁ ወለል ውስጥ ይሰኩና ያንን ንጣፍ እንዳለ ያወጡታል። ውስጡ የአበባ ብናኝ አለ፣ ከሰል አለ፣ በዓይን የማይታዩ የውሃ ተክሎች ቅሪት አለ። በካርበን ምርመራ ዕድሜው ይታወቃል። ወንዝ ዳርም እንዲሁ ነው፤ ትልቅ ሙላት ሲመጣ ውሃው በሌላ ጊዜ በማይደርስበት ከፍታ ላይ አሸዋና ጭቃ ትቶ ይመለሳል፣ ያ አሸዋ ሳይነካ ከቆየ ከሺህ ዓመት በኋላም «እዚህ ድረስ ደርሼ ነበር» ይላል።

የጣና ጭቃ የሚለው ይገርማል። ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ሐይቅ አልነበረም። ደንገል የበቀለበት ረግረግና ደረቅ መሬት ነበር፣ ወደ አባይም ምንም አይፈስም ነበር። ቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቋል። ከዚያ ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሁሉም ተገለበጠ። ዝናቡ መጣ፣ ጣናም ቪክቶሪያም ሞልተው ፈሰሱ፣ የታችኛው ናይል ላይ ከዛሬው ጋር የማይወዳደር ሙላት ወረደ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ሆኑ። ውሃው ከዛሬው ሻላ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በአዋሽ በኩል ይፈስ ነበር። ቱርካና ሞልቶ ወደ ናይል ይገባ ነበር። ሰሃራ ሣር በቀለበት፣ ጉማሬና አዞ ኖረበት። ከናይል የሚወጣው ንጹህ ውሃ ከመብዛቱ የተነሳ የምሥራቁ ሜዲትራኒያን ባሕር ሥር አየር አጥሮት ጥቁር ጭቃ ተነጠፈ፤ ያ ጥቁር ንጣፍ ዛሬም ባሕሩ ወለል ውስጥ ይገኛል። የኛ ክረምት አሻራውን እዚያ ድረስ አሳርፏል።

ማን አደረገው? ያኔ ፋብሪካ የለም፣ መኪና የለም፣ ደን የሚመነጥር ገበሬ እንኳ የለም። እንዝርት ስትሾር አናቷ ወዲያና ወዲህ እንደሚወዛወዘው ምድርም ስትዞር ቀስ ብላ ትወዛወዛለች፤ አንዱ ዙር ከ20 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል። ዛሬ ምድር ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው በታኅሣሥ ነው። ከ11 ሺህ ዓመት በፊት ግን በሰኔና በሐምሌ ነበር የምትቀርበው። በዚያን ጊዜ የሰሜን አፍሪካ መሬት በበጋው፣ ማለት በኛ ክረምት፣ ይበልጥ ይግል ነበር። የጋለ መሬት አየሩን ወደ ላይ ይልከዋል፣ በቦታው ከውቅያኖስ እርጥብ አየር ይስባል። በቃ ይኸው ነው። ውዝዋዜው ወደ ዛሬው ቦታ ሲመለስ ዝናቡም ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ አፈገፈገ፣ ከ5 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ሰሃራ ደረቀች፣ ሰውም ወደ ናይል ዳር ተሰበሰበ። ከ4200 ዓመት በፊት ሙላቱ ለረጅም ጊዜ ሲዳከም ፒራሚድ የሠራው የግብጽ መንግሥት የፈረሰበት ጊዜ ጋር ገጥሟል። አፈራረሱ የድርቁ ብቻ ሥራ አልነበረም፣ የውስጥ ሽኩቻም ነበረ። ግን ውሃ የጎደለበት መንግሥት ሽኩቻን የሚችልበት ጉልበት ያንሰዋል።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ፣ እዚህ ላይ ብዙ የተበላሸ ወሬ አለና።

«ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው ደን ነበር» ሲባል ያልሰማ የለም። ትምህርት ቤት ተምረነዋል። የታሪክ ባለሙያዎች የዚህን ቁጥር ምንጭ ሲያሳድዱ ግን የሚጨበጥ ልኬት አላገኙም። ለሰሜኑ አገር ማስረጃው እንዲያውም ሌላ ነው የሚያሳየው። ወሎ ውስጥ ካለው፣ ስሙም «ሐይቅ» ከሆነው ሐይቅ ወለል በወጣው ጭቃ ውስጥ የተገኘው የአበባ ብናኝ፣ የዝግባና የጥዱ ደን የተመነጠረው ከ2500 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ያሳያል። በቦታው ክትክታና ሣር ተተካ። እንዲህ ሆኖ 1800 ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1400 በኋላ ጥድና ወይራ ተመልሰው በቀሉ፣ በኋላ ደግሞ እንደገና ተቆረጡ። ደኑ ሄዷል፣ መጥቷል፣ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች በአጼ ቴዎድሮስ ላይ ዘምተው ወደ መቅደላ ሲመጡ መንገዱን ፎቶ አንስተውት ነበር። ተመራማሪዎች ትግራይ ውስጥ እነዚያ ፎቶዎች የተነሱባቸው ቦታዎች ላይ ቆመው እንደገና ሲያነሱ፣ ብዙ ቦታ ላይ የዛሬው ዛፍ ከያኔው ይበልጣል። ተራሮቹ ያኔም የተራቆቱ ነበሩ።

ይህን የምለው ደን መጨፍጨፍ ችግር የለውም ለማለት አይደለም። የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ደን በአያቶቻችንና በኛ ዘመን ነው የተመናመነው፣ ያ እውነት ነው። የምለው፣ ምርመራው ከተሳሳተ መድኃኒቱም ይሳሳታል ነው። ዛፍና ሣር ምን እንደሚያደርጉ በትክክል እንይ። መጠነኛ ዝናብ ሲጥል መሬቱ ይመጠዋል፣ ጎርፉም ይዘገያል፣ ዝቅም ይላል። ነሐሴ ላይ ግን ለሁለት ወር የዘነበበት መሬት ጠግቧል፤ በዚያ ላይ ኃይለኛ ዶፍ ከወረደ ደን ያለበትም ደን የሌለበትም ተራራ ውሃውን ወደ ታች ይለቀዋል። በትልልቁ ሙላት ላይ የዛፍ ጉልበት ውስን ነው። አፈሩን በመያዝ ላይ ግን ወደር የለውም። ዋናው ለውጥ ውሃው ውስጥ ያለው አፈር ነው፤ አባይ ድንበር ሲያቋርጥ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ተሸክሞ ነው። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል፤ ግንዱ ይታያል፣ የማይታየው አፈሩ ነው፣ ያ ደግሞ የገበሬው እንጀራ ነው።

አፈሩ የሆነ ቦታ ይተኛል፣ የተኛበት ቦታ ደግሞ ጎርፉን ይለውጠዋል። ፎገራን ውሰዱ። ርብና ጉማራ ከተራራ በፍጥነት ይወርዱና ጣና ዳር ያለው ሜዳ ላይ ሲደርሱ ይደክማሉ፣ የያዙትን ደለል ያራግፋሉ። ወለላቸው በየዓመቱ ከፍ ይላል። ሰው ዳርና ዳሩን በአፈር ይክባል፣ ውሃው መስፋፋት ሲከለከል ደለሉም እዚያው መሃል ይቀራል፣ ወለሉ ይበልጥ ከፍ ይላል። እንዲህ እያለ ተመሳሳይ ዝናብ፣ ያው የበፊቱ ዝናብ፣ ከበፊቱ የባሰ ጎርፍ ያመጣል። የቆቃ ግድብም፣ ሱዳን ያለው የሮዛሪስ ግድብም በዚሁ ደለል ብዙ የውሃ ቦታ አጥተዋል። በሌላ በኩል ትግራይ ውስጥ እርከን የተሠራባቸውና ከከብት የተከለሉ ተራሮች ሥር ጎርፉ እንደቀነሰ ተለክቶ ታይቷል። ብዙዎቻችን ችግኝ ተከልን ብለን ፎቶ የምንነሳውን ያህል ስለ እርከን፣ ስለ ክትርና ስለ ልቅ ግጦሽ ብናወራ ደስ ይለኛል።

ከዚህም በላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ የት ነው የሰፈርነው? በ1998 ክረምት፣ ሐምሌ ሊወጣ ሲል፣ ድሬዳዋ ሰው ተኝቶ ሳለ ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ መጣ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናቡ የጣለው ከከተማው በላይ ያለው ደጋ ላይ ነበር። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል፣ ምክንያቱም ደረቅ አሸዋ መሃል ቤት የሠራ ሰው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ስላጣ ነው፣ አሸዋውም ለዓመታት ምንም ስላላደረገው ነው። ወንዙ ግን አሸዋውን ያመጣው ራሱ ነው። አሸዋ ያለበት ቦታ ሁሉ ውሃ የነበረበት ቦታ ነው።

በዚያው ሰሞን ኦሞ ሞልቶ ዳሰነች ውስጥ ከ300 በላይ ሰው ወሰደ። የሚገርመው ዳሰነቾች ጎርፍ የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም። ሙላቱ ሲሸሽ በተወው እርጥብ ጭቃ ላይ ነው ማሽላቸውን የሚዘሩት። አፋርም አዋሽ ሜዳው ላይ ሲተኛ ለከብቱ ሣር ያገኛል። ግብጽ 5 ሺህ ዓመት የኖረችው በዚህ ነው፣ በጎርፍ። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሥራ ሲጀምር ያ አበቃ፤ ግብጽ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈጥሮ ሙላት ያየችው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። የመጥለቅለቁ ስጋት ቀረ፣ ኤሌክትሪክ መጣ፣ በምትኩ ገበሬው ማዳበሪያ ገዢ ሆነ፣ ደልታውንም ባሕሩ እየበላው ነው። ከግቤ 3 በኋላ ታችኛው ኦሞም እንደዚያው የድሮውን ሙላት አያይም። ጎርፍን ማስቆም ሁሌም የሚከፈልበት ነገር አለው፤ ከፋዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ መብራቱን የሚያገኘው ሰው አይደለም።

ካርቱም ላይ ነገሩ ሁለቱንም ፊቱን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1988 ካርቱም በውሃ ስትዋጥ፣ ከ77ቱ ድርቅ ጊዜ ጀምሮ ሲጎድል የነበረው የአስዋን ሐይቅ በዚያው ውሃ ዳነ። በ2012 ክረምት ደግሞ ናይል እዚያው ካርቱም እ.ኤ.አ. ከ1946ቱም ከ1988ቱም ክብረ ወሰን በላይ ወጣ። ያን ጊዜ የሕዳሴ ግድብ ገና የመጀመሪያውን ጥቂት ውሃ ነበር የያዘው።

ታዲያ የዛሬው የአየር ንብረት ለውጥ የቱ ጋ ይገባል? አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት ይይዛል። ይህ የማይለወጥ ፊዚክስ ነው። ዶፉ ሲወርድ የሚወርደው ውሃ ይበዛል ማለት ነው። የክረምቱ ጠቅላላ ድምር ላይ የኮምፒውተር ትንበያዎች አይስማሙም፤ አንዱ ይጨምራል ይላል፣ ሌላው ይቀንሳል። ስለዚህ አንዱን ጎርፍ ብቻ አንስቶ «ይኸው ለውጡ» ማለት ልክ አይደለም፣ የዶፉ ጉልበት እየጨመረ መሄዱን መካድም ልክ አይደለም። ደግሞ ሁሉም ጎርፍ የክረምት አይደለም፤ በ2016 ኅዳር ሶማሌ ክልል ውስጥ ዋቢ ሸበሌ የሞላው የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ስለሞቀና ኤልኒኖም ስለተደረበበት ነው። ያው ኤልኒኖ፣ ክረምቱን የሚያደክመው፣ ደቡብ ምሥራቁን በመኸር ያጥለቀልቃል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰፈራችሁ ወንዝ ካለ ዕድሜ የጠገቡትን ጠይቁልኝ፦ ውሃው የት ድረስ ደርሶ ያውቃል? የትኛው ዋርካ ሥር፣ የትኛው የቤተ ክርስቲያን ደረጃ፣ የትኛው ድልድይ ምሰሶ ላይ? በየትኛው ንጉሥ ወይም በየትኛው ድርቅ ማግስት? ቦታው ላይ በቀለም መስመር አስምሩና ዓመቱን ጻፉበት። ቀበሌ ቤት መሥሪያ ቦታ ሲመራ፣ ወይም ልጃችሁ ጎጆ ልቀልስ ሲል፣ መስመሩ ከሱ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን ማየት ይቻላል።